በሩ ሲከፈት እንኳ ቁሙ!

ባሕር ዳር ውስጥ የተማሪ ሰርቪስ እነዳለሁ፤ ከአባይ ማዶ ልጆች እየለቀምኩ። ልጆቹ አያስቸግሩኝም፣ ቢጮሁም ልጆች ናቸው። የሚያንገበግበኝ ትልቁ ሰው ነው። ቆሜ ልጅ ሳወርድ፣ አንዲት የኬጂ ሕፃን ቦርሳዋ ከእሷ በልጦ ደረጃው ላይ እየተንገዳገደች፣ ባጃጁ በቀኝ በኩል በበሩና በእግረኛ መንገዱ መሀል ሾልኮ ያልፋል! ረዳቷ አፈፍ ባታደርጋት ኖሮ... ተውት፣ ማሰቡም ይዘገንናል። ስቆጣው "መንገድ አትዝጋ" ብሎኝ እብስ።

ወላጁም ልጁን ሳያለብስ በር ላይ ያስቆመኝና ሲረፍድ የሚጮኸው እኔ ላይ ነው። ሌሊቱን ለናፍጣ ማደያ ተሰልፌ ማደሬን ማን ይወቅልኝ? ክረምት ሲገባ ደግሞ ትምህርት የለም ተብሎ ደመወዝ ይቆማል። ሐምሌና ነሐሴ እኛ ቤት አይበላም እንዴ? ኧረ ስለ ፈጣሪ፣ ሌላው ቢቀር በሩ ሲከፈት ቁሙ፤ የሚወርደው የሰው ልጅ ነው!