ሁለት እግር አላት፣ ሁለት ዛፍ ወጣች። ምን ይጠበስ?

ሴት ልጅ ሁለት ነገር ስትችል ሰውን የሚጎረብጠው ለምንድን ነው? የምሬን ነው። ሰለቸኝ።

ሚሼል ጉማባዎን የማታውቁ ካላችሁ በአጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ፊሊፒናዊት የመረብ ኳስ ተጫዋች ናት። ዩኒቨርሲቲ እያለች ለደ ላ ሳል ስትጫወት ቡድኗ ከ2011 እስከ 2013 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በተከታታይ ዋንጫ በልቷል። በ2018 ቢኒቢኒንግ ፒሊፒናስ የሚባል ትልቅ የቁንጅና ውድድር ላይ ቀርባ ለዓለም አቀፉ ሚስ ግሎብ የሚያሳልፈውን ዘውድ ጫነች፤ አገሯንም ወክላ አልባኒያ ድረስ ሄደች። በ2020 ደግሞ ኬዞን ሲቲን ወክላ ለሚስ ዩኒቨርስ ፊሊፒንስ ተወዳደረችና ሦስተኛ ወጣች። እና ኳሱን ተወችው? የት አባቷ ትተወዋለች! ክለቧ ክሪምላይን በ2024 የሊጉን ሦስቱንም ዋንጫዎች በአንድ ዓመት ጠራርጎ ሲወስድ እሷም ቡድኑ ውስጥ ነበረች።

እኔ የምሠራው ዱባይ ነው። መሥሪያ ቤታችን ካባያኖች፣ ማለትም ፊሊፒኖች፣ ይበዛሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ስልካቸውን የውሃ ኮዳ ላይ አስደግፈው ጨዋታ ያያሉ፣ እኔንም ሱስ አስያዙኝ። አንድ ቀን ሚሼል ጣቶቿን በፕላስተር ጠቅልላ፣ ጉልበቷ ላይ መከላከያ አስራ፣ ኳስ ለማዳን በደረቷ ወለሉ ላይ ተንሸራታ ስትነሳ እያየን ነው። አንዷ ካባያን ደስ ብሏት የዘውዱን ፎቶ አውጥታ ለሹፌራችን ታሳያቸዋለች። ጋሼ የአገሬ ሰው ናቸው፣ ደግም ናቸው፣ ስማቸውን አልጠራም።

«ይቺው ናት?» አሉ።

«ይቺው ናት ጋሼ።»

«ታዲያ አንዱን አትይዝም እንዴ ልጄ? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ እኮ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።»

ምሳዬ አልወርድ አለኝ።

ይሄ ተረት ለወንድ ሲተረት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እዚያው ፊሊፒንስ ማኒ ፓኪያዎ አለላችሁ። ቦክሱን ሳይተው የምክር ቤት አባል ሆነ። ዘፈን አወጣ። በ2014 ደግሞ ብድግ ብሎ በፕሮፌሽናል የቅርጫት ኳስ ሊግ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆነ፣ በዚያ ቁመቱ! ከዚያ ሴናተር፣ ከዚያ በ2022 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳዳሪ። ሰውዬው ጫካውን በሙሉ ነው የወጣው። በእርግጥ ከምክር ቤት ይቀራል ተብሎ ተወቅሷል፣ አልዋሽም። ግን ዘፈነ ተብሎ «ይሄማ የምር ቦክሰኛ አይደለም» የተባለበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። የእኛም ኃይሌ ሆቴል በሆቴል ላይ ሲከፍት «ጎበዝ፣ ወንድ ነው» ነው ያልነው። ሴቷ ሯጫችን ግን ጸጉሯን ተሠርታ፣ ቀሚስ ለብሳ አንድ ፎቶ ትለጥፍ፣ ወዲያው «ልምምዱ ቀረ እንዴ?» ይመጣል። ልጅቷ እኮ ሠርግ ሄዳ ነው!

ደግሞ ለፊሊፒኖች የቁንጅና ውድድር ቀልድ አይደለም። አገሪቱ ኦሊምፒክ መካፈል የጀመረችው በ1924 ነው። የመጀመሪያውን ወርቅ ያገኘችው ግን በ2021 ቶኪዮ ላይ ነው፣ ያውም በሴት፣ በክብደት አንሺዋ ሂዲሊን ዲያዝ። ግሎሪያ ዲያዝ የሚስ ዩኒቨርስን ዘውድ ያመጣችው ደግሞ በ1969 ነው። ወርቁ ከመምጣቱ 52 ዓመት በፊት ማለት ነው። ስለዚህ ሰዉ ለዘውድ እንደ ዋንጫ ጨዋታ ቢጮህ አይገርመኝም፣ ከኦሊምፒክ ወርቅ ቀድሞ ዓለምን ያሸነፈው እዚያ ላይ ነዋ። ሚሼል በ2018 ዘውድ የጫነችበት አራኔታ ኮሎሲየም ራሱ ቦክሰኞቹ መሐመድ አሊ እና ጆ ፍሬዘር በ1975 የተፋለሙበት አዳራሽ ነው። የመረብ ኳስ ፍጻሜም እዚያው ይካሄዳል። አዳራሹ ለቡጢም፣ ለኳስም፣ ለዘውድም ሲሆን ማንም «አንዱን ያዝ» አላለውም።

በነገራችን ላይ እኔ የቁንጅና ውድድር ደጋፊ አይደለሁም። ሴት በዋና ልብስ አሰልፎ ነጥብ መስጠት አይዋጥልኝም። ሚስ ዩኒቨርስ እንኳ ያገባችና የወለደች ሴት እንድትወዳደር የፈቀደው ገና በ2023 ነው፣ እስከዚያ ድረስ ምን አስፈርቷቸው እንደነበር እነሱ ይወቁት። በዚህ ልታሙት ከፈለጋችሁ ወንበር ስቤ ተቀምጬ አብሬያችሁ አማለሁ። እናንተ ግን የምታሙት ውድድሩን አይደለም፣ ልጅቷን ነው።

ከሁሉም የሚያበግነኝ ደግሞ በሁለቱም በኩል መከሰሷ ነው። እንዲህ ያለች ልጅ ሜዳ ስትገባ «መልኳ ነው ያስገባት» ትባላለች። መድረክ ላይ ስትወጣ «ትከሻዋ ሰፋ፣ ወንዳወንድ ናት» ትባላለች። ወዳጄ፣ ያ ትከሻ ባይኖር ኳሱ በማን ክንድ ሊመታ ነበር? ደግሞስ መረብ ላይ ዘላ እጇን የዘረጋች ተከላካይ አልፎ ኳስን መሬት ማስነካት በመልክ ይቻላል እንዴ? ቢቻልማ እኔም እሞክረው ነበር።

ነገሩ የታዋቂ ሰው ጣጣ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። እኔ በሙቀቱ ምክንያት ገና ጎህ ሳይቀድ የምሮጥ ተራ ሰው ነኝ። ሮጬ፣ ታጥቤ፣ ሊፒስቲኬን ቀብቼ ሥራ ስገባ «ዛሬ ደግሞ ለማን ነው?» እባላለሁ። ሳልቀባ ስገባ «ምነው ታመምሽ?»። ጋሼ ራሳቸው በትርፍ ሰዓታቸው ያገለገለ ስልክ ይሸጣሉ፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ የዕድርተኛውን ገንዘብ ይሰበስባሉ። ስንት ዛፍ እንደሆነ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፣ ታላቅ ናቸው ብዬ ተውኩት።

አሁን ሚሼል አንድ ጨዋታ ትሸነፍ፣ «ያው በሜካፑ ምክንያት ነው» የሚል ሰው እንደማይጠፋ የደሞዜን ግማሽ አስይዛለሁ። የሚወራረድ ካለ ይምጣ።