ስንት ቮልት?

እኔ እኮ የምፈልገው አንዲት ዲናሞ ነው። አውራ ጣቴን የምታክል፣ አንዲት ትንሽ ዲናሞ! ለሷ ስል ሦስት ወር መርካቶን ዞሬያለሁ። ዛሬ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእህቴ ልጅ ጋር የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር በካርቶንና በስስ ጣውላ እየሠራን ነው፤ ከዋናው 50 ጊዜ ያነሰ። ልጁ ባቡሩ በ2008 መስከረም ሥራ ሲጀምር ገና አልተወለደም፤ ግን ስለ ባቡሩ ከእኔ በላይ አውቃለሁ ባይ ነው። አካሉ አለቀ። መስኮቱ አለቀ። ሰማያዊ ቀለሙም ደረቀ። የቀረን እንዲሄድ ማድረግ ብቻ ነው። "ብቻ" አልኩ ደግሞ።

ሱቅ ገባሁ። "ትንሽ ዲናሞ ፈልጌ ነበር።" ሻጩ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ "ስንት ቮልት?" እኔም፣ "በደቂቃ ስንት ዙር ነው የምትዞረው?" አሁን ቀና አለ። "ወንድሜ፣ ትዞራለች።"

ትዞራለች! ዲናሞ አይደለች እንዴ፣ ታዲያ ልትዘፍን ነው? ቀጣዩ ሱቅ፣ "ስንት ቮልት?" ከሱ ቀጥሎ ያለው፣ "ስንት ቮልት?" የሻፍቷን፣ የዚያችን የምትዞር ዘንግ፣ ውፍረት የጠየቅኩት ልጅማ ጎረቤቱን ጠርቶ "ና ስማው እስቲ" አለው።

ኧረ ጎበዝ፣ ቮልት ብቻውን ምን ይነግረኛል? ሁለቱም ባለ 6 ቮልት ሆነው አንዷ በሁለት ጣት ሲይዟት ቀጥ ትላለች፣ ሌላዋ ጣት ትጠመዝዛለች። ጉልበቷን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ስንት አምፔር እንደምትስብና የተገጠሙላት ባለ ጥርስ ጎማዎች (ጊር) ዙሩን ስንት እጥፍ እንደሚቀንሱት መጠየቅ አለበት። ማንን ነው የሚጠይቀው? እሱ ነው የቸገረኝ።

መጀመሪያ የገዛኋት የመጫወቻ መኪና ውስጥ ያለችዋን ነው። ሁለት ጎኗ ጠፍጣፋ፣ ሻፍቷ 2 ሚሊ ሜትር፣ በመጠኗ "130" የሚሏት። ይህቺ ዓይነት በአንድ ድንጋይ፣ በ1.5 ቮልት፣ ሸክም ከሌለባት በደቂቃ 9,000 ዙር ገደማ ትዞራለች። ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የጎማችን ዲያሜትር 15 ሚሊ ሜትር ነው። በቀጥታ ብንገጥማትና ሸክሙ ባይሰማት፣ ባቡራችን በሰከንድ 7 ሜትር ይበራል። በዋናው ባቡር ልክ ለማየት በ50 ስታባዙት በሰዓት ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከድምፅ የሚቀድም የቃሊቲ ባቡር! ለማንኛውም ስንገጥማት ንቅንቅም አላለች። እዚያው ቆማ እንደ ምጣድ ጋለች። ፍጥነት እንጂ ጉልበት የላትም።

ለኛ በዋናው ባቡር ልክ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ይበቃናል። ለዚያ ጎማው በደቂቃ 500 ዙር ገደማ ቢዞር በቂ ነው። ይኸው ቁጥሩ! ይህን ቁጥር ይዤ ምናለሽ ተራ ወረድኩ።

እዚያ ከድሮ ቴፕ የወጣች ዲናሞ ሸጡልኝ። ቆንጆ ነች፣ ድምፅ የላትም። ግን ቮልት ብጨምርላት ያው ነች። ሽቦውን ገልብጬ ወደኋላ ልመልሳት ብል ጭራሽ እምቢ አለች። ለካ ዘፈኑ እንዳይፈጥንና እንዳይጎተት ፍጥነቷን የሚቆጣጠር ሰርኪት ሆዷ ውስጥ አለ። ሄዶ የማይመለስ ባቡር ምን ያደርግልኛል? ቀጥሎ ከፕሪንተር የወጣ፣ አራት ሽቦ ያለው ነገር ሰጡኝ። ባትሪ ሳገናኘው "ትክ" አለና ቆመ። መለስኩት። "እኔ ጋ ሲሠራ ነበር፣ አቃጥለኸው ነው" ተባልኩ። አልተቃጠለም! ይሄኛው ደረጃ በደረጃ የሚዞር ነው፤ ተራ እየጠበቀ መብራት የሚሰጠው የራሱ ሰርኪት ከሌለ አይዞርም። ማን ይስማኝ። ገንዘቤም እዚያው ቀረ።

በመጨረሻ ከዱባይ ለሚመጣው የአጎቴ ልጅ ጻፍኩለት። ኤን 20 የምትባለውን፣ ጥርሷ አብሯት የተገጠመውን። ወርዷ 12 ሚሊ ሜትር፣ ሻፍቷ 3 ሚሊ ሜትር ሆኖ አንድ ጎኑ የተላገ፣ 500 ዙር። ፎቶ ሁሉ ላክሁ። የእህቴ ልጅም ቀን ሲቆጥር ከረመ።

መጣች። ልክክ ብላ ገባች። አራቱን ድንጋይ ከተትን፣ 6 ቮልት። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ! ልጁ ጮኸ። ከዚያ ዝም አለና፣ "አጎቴ፣ ለምንድን ነው የሚድኸው?" አለኝ። አወጣኋትና ጀርባዋን አየሁ። ባለ 12 ቮልት ነች። በግማሽ ቮልት ግማሽ ዙር። ስምንት ድንጋይ ደግሞ ባቡሩ ውስጥ አይገባም።

ደውዬ ጮህኩበት። በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ "ስለ ዙሩ፣ ስለ ሻፍቱ፣ ስለ ወርዱ ሁለት ገጽ ጽፈህልኛል። ስንት ቮልት እንደሆነ መቼ ነገርከኝ?" አለኝ።