ማስተካከያ፦ ስለ ፒያሳ ደኅንነትና መጻኢ ዕድል

ቀደም ሲል በወጣ ጽሑፍ «ፒያሳ ፈርሳ አልቃለች፤ ከመሸም አይኬድባትም» ተብሎ የተገለጸው ከእውነቱ የራቀ ስለሆነ እንደሚከተለው ይታረም።

ፒያሳ ሙሉ በሙሉ አልፈረሰችም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ነባር መንደሮች ተነሥተዋል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፣ የምኒልክ ሐውልትና አንጋፋው ጣይቱ ሆቴል ግን በቦታቸው ናቸው። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም. ክፉኛ ተቃጥሎ እንኳ ታድሶ ሥራውን ቀጥሏል።

ለመንደሩ ማርጀት «የነዋሪው ቸልተኝነት» ምክንያት ተደርጎ መቅረቡም ትክክል አይደለም፤ ያሳዝናልም። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ሆኑ። ኪራያቸው እጅግ አነስተኛ ስለነበር ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም። ጭቃው ከግድግዳው ሲረግፍ፣ ቆርቆሮው ዝጎ ሲያፈስ፣ ተከራዩ ከራሱ ኪስ ላስቲክ ገዝቶ ጣሪያው ላይ ይዘረጋና ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ይጭንበት ነበር። ይህ ቸልተኝነት አይባልም።

ደኅንነቱን በተመለከተ፣ ከጊዮርጊስ እስከ ዓድዋ ድል መታሰቢያ ያለው ዋና መንገድ መብራት አለው፤ የእግረኛ መንገዱም ሰፍቷል፤ ሲመሽ ወላጆች ከነልጆቻቸው ይንሸራሸሩበታል። ከታጠሩት ባዶ ቦታዎች ጀርባ ባለው ጨለማ መተላለፊያ ግን ስልክ በእጅ ይዞ ብቻን መሄድ አይመከርም።

ፒያሳ ታገግማለች ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ ሕንፃውና ንግዱ እንደሚመለሱ አልጠራጠርም። የሚያሰጋኝ የሰዉ ጉዳይ ነው። ነባሩ ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲሄድ ዕድሩም፣ ዕቁቡም፣ የቡናው ጉርብትናም አብሮ ተበትኗል፤ የቀድሞው ጽሑፍ ስለዚህ አንድም ቃል አላነሣም።