ውዳሴ «መጣሁ»

የሰዋስው መምህሮቻችን «መጣሁ» የኃላፊ ጊዜ ግስ ነው ብለው ያስተማሩን በቅንነት ነው፤ ቀጠሮ እያለባቸው ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ስልክ አንሥተው ቢያውቁ ኖሮ እንዲህ ባላሉ ነበር። በእኛ ዘንድ «መጣሁ» ማለት ልነሣ እያሰብኩ ነው ማለት ነው። «ደረስኩ» ያለ ሰው ጫማውን እየፈለገ ነው። «በር ላይ ነኝ» ያለው ደግሞ ፍጹም እውነቱን ነው፤ የማን በር እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም። ሌላው ሕዝብ ገና ያልሆነውን ነገር በትንቢት ጊዜ ይናገርና ከዚያ በኋላ ለማድረግ ሲደክም ይውላል፤ እኛ ግን ያልሆነውን እንደሆነ አድርገን በመናገር ከማድረግ ድካም እንድናለን። ይህን ጥበብ «የሐበሻ ቀጠሮ» እያሉ የሚያሽሟጥጡ ሰዎች አሉ። እኔ ላወድሰው ተነሥቻለሁ፤ ተነሥቻለሁ ስል ደግሞ የምሬን ነው።

በሙያዬ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ነኝ፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ለነጋዴዎች የዕቃና የሽያጭ መመዝገቢያ እየሠራሁ እኖራለሁ። ሙያው አጣሞኝ ይሆናል፣ ነገሩን የማየው በኮድ ዓይን ነው። እኛ በምንጽፍበት ቋንቋ ውስጥ «ፕሮሚስ» የሚባል ነገር አለ፤ ፕሮግራሙ መልስ ሲጠብቅ በመልሱ ፋንታ የሚይዘው ቃል ነው። ይህ ቃል ሦስት ሁኔታዎች ብቻ አሉት፤ ወይ በመጠባበቅ ላይ ነው፣ ወይ ተፈጽሟል፣ ወይ ፈርሷል። ቋንቋውን የሠሩት ሰዎች ያላሰቡት አራተኛ ሁኔታ የእኛ ነው፤ ሳይፈጸም «ተፈጽሟል» ተብሎ የሚመለስ፣ አለመፈጸሙን ጠያቂውም ተጠያቂውም የሚያውቁት፣ ሆኖም ማንም አፈረስክ ብሎ የማይከስስበት ቃል። ማሽን እንዲህ ያለ መልስ ቢያገኝ ግራ ይገባዋል። ሰው ግን «እሺ፣ እየጠበቅኩህ ነው» ይልና ፀጉሩን መታጠብ ይጀምራል።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ የሆነውን ላውጋችሁ። ከምወዳት ልጅ ጋር የተቀጣጠርነው ደሴ፣ ፒያሳ፣ ለ9 ሰዓት ነበር። ልክ 9 ሰዓት ሲል ስልኬ ጠራ። በዚያች ደቂቃ እኔ ኮምቦልቻ መናኸሪያ በቆመ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ፣ የማላውቀው ሰው የሽንኩርት ጆንያ ጉልበቴን ተደግፎ፣ ተቀምጫለሁ።

«የት ደረስክ?» አለችኝ።

«አብሽሪ፣ ሐረጎን ጨርሻለሁ» አልኳት።

መንገዱን ለማያውቅ ሰው፣ ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመካከሉ ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ ግን በዚህች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ስለሚያወጣ ከቆላው ሙቀት በሸሚዝ ተነሥቶ ጃኬት ሳይዝ የወጣ መንገደኛ ደሴ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። ያን ሁሉ ዳገት እኔ በአንድ ትንፋሽ፣ ያውም ነዳጅ ሳላቃጥል፣ በምላሴ ወጣሁት። ብቻ በዚያው ቅጽበት ረዳቱ አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ፣ ስልኩን ለእሱ የያዝኩለት ይመስል፣ «ደሴ! ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ ጮኸ።

(የቀረው አንድ ሰው አልነበረም፤ አምስት ወንበር ባዶ ነበር። የረዳቶች «አንድ ሰው» በእኛ ሙያ ቋሚ እሴት የምንለው ዓይነት ነው፤ ሰው ቢገባም ቢወርድም አይቀየርም።)

በስልኩ ውስጥ ትንሽ ዝምታ ሆነ። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ «ጎሽ፣ እኔም ደርሻለሁ፣ ፒያሳ ቆሜያለሁ» አለችኝ። ከኋላዋ የካስክ ጩኸት ይሰማል፤ በጩኸቱ መካከልም አንዲት ሴት «ኧረ አትውጪ፣ ቢጉዲኑ ገና አልደረቀም!» ስትል ሰማኋት። በፕሮግራም ሥራ ውስጥ ሁለት ስሕተቶች ተገናኝተው እርስ በርሳቸው የሚጣፉበትና ፕሮግራሙ ልክ የሚመስልበት ጊዜ አለ፤ አንዱን ብቻ ያረመ ሰው ሁሉንም ያበላሻል። ስለዚህ አንዳችንም ሌላውን አላረምንም። እኔ 10 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ ደረስኩ፤ እሷ 10 ሰዓት ከ40 ላይ። «ብዙ ጠበቅከኝ?» ብትለኝ «አይ፣ አሁን ገና መምጣቴ ነው» አልኳት፤ በዚያን ዕለት በሁለታችን መካከል ከተነገረው ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነበር።

ጥበቡን የዘነጋሁበት ቀንም አለ፤ አንድ ጊዜ በሰዓቱ ተገኝቼ አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ማኪያቶ ስጠጣ አስተናጋጇ ፈገግ አለችልኝ፤ ሁለተኛውን ስጠጣ «ሰው ትጠብቃለህ?» አለችኝ፤ ሦስተኛውን ሳዝዝ ለጓደኛዋ በአገጯ እያሳየችኝ ነበር። ልጅቷ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ መጥታ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደተቀመጥኩ ስትሰማ፣ ይቅርታ በመጠየቅ ፋንታ በሥጋት አየችኝ። «ሥራ ተውክ እንዴ?» ነበር ያለችኝ። እውነቷን ነው። ሰዓት የሚያከብር ሰው ሌላ የሚያከብረው ጉዳይ የሌለው ሰው ነው። በየትኛውም የስብሰባ አዳራሽ በጥሪ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ሰዓት የሚገኙት ወንበር ደርዳሪውና «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ቴስት» የሚለው የድምፅ ማጉያ ሠራተኛ ብቻ ናቸው፤ የክብር እንግዳው ክብሩ የሚለካው ስንት ሰው ለስንት ሰዓት እንደጠበቀው ነው። እኔም ከዚያች ቀን ወዲህ ለክብሬ ስል ከ40 ደቂቃ በታች ዘግይቼ አላውቅም።

ሥራም የሚቆመው በዚሁ ምሰሶ ላይ ነው። አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ የመጋዘን መመዝገቢያ አሠርተውኝ ነበር፤ ደውለው «ልጄ፣ እንዴት ሆነ?» ሲሉኝ «አልቋል ጋሼ፣ ትንሽ ማስተካከያ ብቻ ነው የቀረው» አልኳቸው። እስከዚያች ሰዓት የሠራሁት አንድ ፎልደር ከፍቼ በእሳቸው ስም መሰየም ነበር። እሳቸውም ስለ ቀብዱ ስጠይቃቸው «ልኬዋለሁ እኮ፣ አልገባልህም?» አሉኝ። ገንዘቡም እንደ እኔ ሐረጎን ጨርሶ ነበር ማለት ነው። «አልቋል» እና «ልኬዋለሁ» ለአራት ወር ያህል በስልክ ሲሰላለሙ ኖረው፣ በመጨረሻ ሥራውም ገንዘቡም በአንድ ሳምንት ውስጥ ተገናኙ፤ በመካከላችን አንድ ክፉ ቃል አልወጣም። በውል፣ በቀነ ገደብና በቅጣት የሚሠሩ ሰዎች እንዲህ ያለ ፍቅር ከየት ያመጣሉ?

ውጭ አገር ላለ ደንበኛ ስሠራ ደግሞ የአያቶቻችንን አርቆ አሳቢነት ይበልጥ ተረዳሁ። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው፣ እነሱ ከእኩለ ሌሊት፤ በመካከሉ የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። ስለዚህ «9 ሰዓት ላይ እንነጋገር» ሲሉኝ አንድ ጊዜ በእነሱ፣ አንድ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር መሳሳት እችላለሁ፤ ሌላው ሕዝብ ለማርፈድ አንድ ሰዓት ሲኖረው እኛ ሁለት አለን። የቀን መቁጠሪያውን 13 ወር ስጨምርበት ደንበኛው ራሱ ይቅርታ ይጠይቀኛል።

ይህ ጥበብ የማይገባው ኮምፒውተር ብቻ ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች ጊዜን የሚቆጥሩት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን የተጀመረች ቆጠራ አንድ ሰከንድ ሳታዛንፍ እስከ ዛሬ ትደመራለች። ትርፏ ምን ሆነ? ቆጠራዋን በ32 ቢት የሚይዙ አሮጌ ማሽኖች ጥር 11 ቀን 2030፣ ልክ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሲሆን፣ ቦታቸው ሞልቶ በአንድ ጊዜ ወደ ታኅሣሥ 1894፣ ወደ ምኒልክ ዘመን፣ ይመለሳሉ። ሰዓት አክባሪነት መጨረሻው ይኸው ነው። ቀኑ ጥምቀት መሆኑን አስተውሉ። በዚያች ጠዋት ማሽኖቹ 136 ዓመት ሲዘገዩ፣ እኔ ታቦቱ ከመነሣቱ በፊት እንድገናኘው የቀጠርኩት ጓደኛዬ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ተቋም ቢኖር እድር ነው። እድር ላይ ስም ይጠራል፣ የቀረና ያረፈደ ይቀጣል፤ በዚህም የተነሣ ለቀብር ማንም ሰው ሐረጎ ላይ አይገኝም። ወዳጃችን በሕይወት ሳለ ካፌ ውስጥ ሁለት ሰዓት አስጠብቀነው፣ ሲሞት ግን በደቂቃው ደጁ ላይ እንቆማለን። ይህን ልማድ የሚያስታርቅልኝ ሊቅ አላገኘሁም።

እንዲያውም ኅዳር ላይ ወደ ልጅቷ ቤት ከላክኋቸው ሽማግሌዎች አንዱ የእድራችን ሰብሳቢ ነበሩ። ቀጠሮው ሆጤ፣ አባቷ ቤት፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። እኔ በወጉ መሠረት አልሄድኩም፤ የምነግራችሁ አጎቴ እንዳወሩኝ ነው። ሰብሳቢው እንደ ቀብር ቆጥረውት ይሁን እንጃ፣ 3 ሰዓት ሳይሞላ ሽማግሌዎቹን ሁሉ ነድተው በሩ ላይ አቆሟቸው። እናትየዋ ነጠላቸውን እያጣፉ ወጥተው «ግቡ፣ ግቡ፣ ኑሩልኝ፤ አሁን ይመጣል፣ እደጅ ብቅ ብሎ ነው» አሏቸው። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ቡናው ተቆላ፣ አቦሉ ተቀዳ፣ ቶናው ተከተለ። በረካው ሊቀዳ ሲል እናትየዋ አፍረው ስልክ ደወሉ፤ ጆሯቸው ስለሚያስቸግራቸው የስልኩ ድምፅ ለቤቱ ሁሉ ይሰማል።

«ምነው አባቷ፣ እንግዶችህ እኮ እየጠበቁህ ነው!»

«መጣሁ በያቸው፣ መጣሁ! ሐረጎን ጨርሻለሁ!»

ወዲያውም ከባለቤትየው ድምፅ በላይ፣ ከሲኒው ጭስ በላይ፣ «ደሴ! ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» የሚል ጩኸት ሳሎኑን ሞላው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ቄጤማውን ማየት ጀመሩ። አጎቴ ግን ወደ እድሩ ሰብሳቢ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ «ልጁ አልተሳሳተም፤ የገዛ ወገኖቹን ነው ያገኘው» አሏቸው።