ውጭ ያደረ ሩዝ ቢሞቅም አይድንም

ስለ ልጆች ምሳ በጻፋችኋቸው አስተያየቶች ውስጥ አንድ ምክር ሲደጋገም አየሁ። ትምህርት ሲዘጋ ለልጆች ምሳ እንዲቀል ማታ የተቀቀለ ሩዝ ወይም ፓስታ ጠረጴዛ ላይ ቢያድርም፣ በማግስቱ በደንብ ከተሞቀ ችግር የለውም የሚል ነው። ሩዝ ርካሽ ነው፣ ልጆችም ይወዱታል። እሱ ልክ ነው። ማሞቅ ያድነዋል የሚለው ግን ስህተት ነው።

ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ስፖሩ፣ ማለትም ክፉ ጊዜን የሚያሳልፍበት ጠንካራ ቅርጹ፣ ሲቀቀል አይሞትም። ምግቡ ለብ ብሎ ሲቀመጥ ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝ ይሠራል። ስታሞቁት ባክቴሪያው ቢሞት እንኳ መርዙ እዚያው ነው። ይህ መርዝ 121 ዲግሪ ሴልሺየስን ይቋቋማል፤ ድስት ውስጥ የሚፈላ ውሃ ደግሞ ከ100 አያልፍም። ውጤቱ ትውከት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። ትንሽ ልጅ ሲያስመልሰው ሰውነቱ ቶሎ ፈሳሽ ያጣል፤ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

«አሽትቼዋለሁ፣ ደህና ነው» ያላችሁም አላችሁ። በማሽተት አይታወቅም። የሚታወቀው በሰዓትና በቴርሞሜትር ነው። ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ የቆየ ይጣል፤ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ የቆየ። የፍሪጃችሁን ሙቀት ለኩት፣ ከ4 ዲግሪ አይለፍ። ትኩሱን ድስት እንዳለ ከማስገባት ሩዙን ሰፊ ሳህን ላይ ስስ አድርጎ መዘርጋት ይሻላል፤ መሃሉ ቶሎ ይበርዳል። እንዲህ ፍሪጅ ያደረ ሩዝ በማግስቱ ከአትክልት ጋር ጥሩ ምሳ ይወጣዋል።