ራምፑ ግርጌ አበባ ላስቀመጡ እጆች

ህዳር 24 የዓለም አካል ጉዳተኞች ቀን ነው። እሰይ፣ መሥሪያ ቤቶቻችን ያውቁበታል! «ከጎናችሁ ነን» የሚል ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ በዓሉም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይከበራል። ሊፍቱ ተበላሽቷል፤ ቢበላሽስ? አራት ጥበቃዎች እንግዳውን ከነዊልቸሩ ተሸክመው ያወጡታል። ሊፍት እንዲህ ያለ ፎቶ አይወጣለትም።

ራምፕ፣ ማለትም ዊልቸር በደረጃ ፈንታ የሚወጣበት ተዳፋት፣ የለም እንዳይባል ደግሞ አለ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ ይኑረው ስላለ፣ ኖሮታል። የተለመደው ልክ 1 ለ12 ነው፣ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት፦ 15 ሳንቲሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች 45 ሳንቲሜትር ከፍታ ናቸውና 5 ሜትር ከ40 የሚረዝም ራምፕ ይፈልጋሉ። የኛ ሰው ግን ቆጣቢ ነው፤ በሜትር ተኩል ተገላገለው። ላዩን የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ አለበሰው፤ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው። ዊልቸሩን በገዛ እጁ እየገፋ የሚወጣ ሰው ግማሽ ሳይደርስ የፊት ጎማዎቹ ይነሡና በጀርባው ይገለበጣል። ለዚህ ሳይታሰብ አልቀረም መቼም፤ ግርጌው ላይ ሁለት ትልልቅ የአበባ ሸክላዎች ተደርድረዋል፣ ከሸክላዎቹ ፊት ደግሞ የኃላፊው መኪና ቆማለች። ማንም አይወጣም፣ ማንም አይወድቅም።

ዓይነ ስውር እንግዳ ሲመጣማ ደግነታችን ገደብ የለውም። «ክንዴን ልስጥዎት?» ብሎ ጠይቆ ክርንን ማስያዝ፣ ደረጃው ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች መናገር ጊዜ ይፈጃል። ነጭ በትሩን የያዘበትን እጅ ጨምድዶ መጎተት ይፈጥናል። ሻይ ሲቀርብም አብሮት የመጣውን ልጅ ነው የምንጠይቀው፦ «እሱ ስኳር ስንት ይላል?»

መስማት ለተሳናቸው አንድ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ተቀጥሯል። እጅም አእምሮም ስለሚዝል ሁለት አስተርጓሚዎች በየ20 እና 30 ደቂቃው ይቀባበላሉ፤ የኛው ግን ብቻውን ሦስት ሰዓት ሊቆም ነው፣ አንበሳ! አሥር ደቂቃ እንደሠራ የፕሮጀክተሩ ምስል እንዲጠራ መብራቱ ይጠፋል። እሱ በጨለማው ውስጥ እጁን እያወናጨፈ ነው፤ አጋርነታችን በስላይድ እየቀረበ።

አስተያየት ያለው ሰው ሳጥኑን አራተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው አናት ላይ ያገኘዋል።