መሠረታዊ ፍላጎት፣ ከእረፍት ሰዓት በኋላ

የእህቴ ልጅ ኬጂ ነው። ከትምህርት ቤት ያመጣውን ወርክሺት ሳየው ደሜ ፈላ። «ለሰው ልጅ መሠረታዊ የሆኑትን አክብብ» ይላል። ሥዕሎቹ የምግብ ሳህን፣ ቤት፣ ሸሚዝ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ እና ኳስ ናቸው። ልጁ አንዱንም ሳያስቀር ሁሉንም አክብቧል። ኳሱ ላይ ቀይ ኤክስ ገብቶበታል። ኤክሱ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ወረቀቱን ገልበጥ ብታደርጉት ሰንበሩ በጣት ይዳሰሳል።

«ለምን ተሳሳትክ?» ስለው «ኳስ ባይኖርህ አትሞትም ተባልኩ» አለኝ።

ጥሩ። መለኪያው ሞት ከሆነ እንተሳሰብ። ሰው ያለ ምግብ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ያለ ውሃ ጥቂት ቀናት። ያለ አየር ግን ደቂቃዎች ናቸው። አየር የታለ? ለመሣል አስቸግሮ ነው ብዬ በቅንነት ልለፈው። እንቅልፍስ? የእንቅልፍ ሐኪሞች ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ሸለብታ ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ይተኛ ይላሉ። አልጋ መሣል እንኳ ከሸሚዝ አይከብድም።

ኳሱማ ጠበቃም አለው። በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 እረፍትና ጨዋታ የልጅ መብት ናቸው ይላል። እንግዲህ ያ ቀይ እስክሪብቶ ስንት መንግሥት የፈረመበትን ነገር እንደሰረዘ አስቡት።

«ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የምትለዋን ተረት እወዳታለሁ። ቦታዋ ሆነም አልሆነም ጣል ሳላደርጋት አላልፍም። ዛሬ ግን ቦታዋ ነው። ወርክሺቱ ላይ ሰው የሚባል ነገር የለማ! እናት የለች፣ ጓደኛ የለ። ሸሚዝህን ለብሰህ፣ ቤትህን ዘግተህ፣ ብቻህን ብላ ነው ነገሩ።

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሃሪ ሃርሎ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የጦጣ ግልገሎችን ከእናቶቻቸው ነጠላቸው። ጭካኔው ዛሬም ያናድዳል። በምትኩ ሁለት አሻንጉሊት እናቶች ሰጣቸው። አንዷ ራቁት ሽቦ ናት፤ ጡጦው ያለው እሷ ጋ ነው። ሌላዋ ለስላሳ ጨርቅ የለበሰች፣ ወተት የሌላት ናት። ግልገሎቹ ሲርባቸው ወደ ሽቦዋ ሄደው ይጠቡና ወዲያው ተመልሰው ጨርቋ ላይ ጥብቅ ይላሉ። ወርክሺት ቢሰጣቸው እነሱም ኤክስ በኤክስ ይሆኑ ነበር።

ስለ ፍላጎት ከተነሣ የቆየ ቂም አለኝ። ያ የሰውን ፍላጎት ከታች ወደ ላይ በደረጃ የሚደረድረው ሦስት ማዕዘን! ሥልጠና በገባሁ ቁጥር አሠልጣኙ ስላይዱን ያበራና «ማስሎው እንዳለው…» ይላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አብርሃም ማስሎው ግን በ1943 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ፒራሚድ የሚባል ሥዕል የለም። እሱን የሣሉለት ኋላ የመጡ የማኔጅመንት ሰዎች ናቸው። ደግሞም የታችኛው መቶ በመቶ ሳይሞላ የላይኛው አይመጣም አላለም። እንዲያውም እንደዚያ እንዳትረዱኝ ብሎ ጽፏል። ማን ሰማው?

አንዱ ሥልጠና ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ለመውጣት ተነሣች። አሠልጣኙ ፈገግ ብሎ «ይቺን ስላይድ እንጨርስና» አላት። ስላይዷ ላይ በትልቁ የተጻፈው ምን መሰላችሁ? «የሰውነት ፍላጎቶች»። ሴትዮዋ ግን ትልቅ ሰው ናትና ጥላው ወጣች።

ልጅ ጥሎ መውጣት አይችልም። እጁን ያወጣል። «ቲቸር፣ ሽንቴ መጣ።» «ቁጭ በል! በእረፍት ሰዓት ትሄዳለህ። አሁን እየተማርን ነው።» ምን እየተማራችሁ? መሠረታዊ ፍላጎት! ፊኛው ደወል አይሰማ። ልብሱ ላይ ካመለጠው ክፍሉ ይስቅበታል፣ ቁጣውም ለእሱ ነው። ሽንት የመያዝ ልማድ ልጆችን ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንደሚያጋልጥ ሐኪም ሁሉ ይናገራል። ይሄ ቀልድ አይደለም። እዚህ ላይ አልስቅም።

ቤትም ያው ነው። «ጠማኝ» ሲል «ቆይ፣ ስልክ ላይ ነኝ» እንለዋለን። «ራበኝ» ሲል «አሁን አልበላህም እንዴ?» ይባላል። «ጠገብኩ» ሲል ደግሞ «ትጨርሳታለህ!» ሆዱ የእሱ፣ ጥጋቡን የምናውቅለት እኛ። ከሰውነቱ የሚመጣለትን መልእክት ሁሉ ኤክስ እያደረግንበት አድጎ፣ ከዚያ «ፍላጎትህን ዘርዝር» ብለን ወረቀት እንሰጠዋለን።

ወርክሺቱን ረሳሁት። አስተማሪዋን ብቻዋን ልኮንን አይደለም። ክፍል ሙሉ ልጅ ይዛ፣ መልሱም ተሠርቶ ከላይ ተልኮላት ይሆናል። ኳሱ ግን ነጥቡን ያግኝ። ስለ ሸሚዙም የምለው ነበረኝ፤ ሙቀት ባለበት አገር ማን ነው በሸሚዝ እጦት የሞተው? እሱን በሌላ ጊዜ። ከሦስተኛው አንቀጽ ጀምሮ ጽሑፌን ልጨርስ ብዬ ሽንቴን ይዤ ነው የተቀመጥኩት። ማንም ሳይፈቅድልኝ ሄድኩ።